ሦስት ሰዓት የሞላው ልጅና አንድ ፊልም

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። «ሙቀት ክፍል ነን፣ ፖርተብል ራጅ እንፈልጋለን፣ ቶሎ ድረሽልን» አለችኝ ሲስተሯ። ተረኛ ነበርኩ። የኅዳር ሌሊት ነው፤ የጎንደር ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጋቢዬን ወንበር ላይ ጥዬ ማሽኑን እየገፋሁ በኮሪደሩ ሄድኩ።

ልጁ ከተወለደ ሦስት ሰዓቱ ነው። በ32 ሳምንቱ ነው የመጣው። ክብደቱ 1,600 ግራም። ደረቱ ከመዳፌ አይሰፋም። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቶቹ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ይርገበገባሉ፣ አየር ባስወጣ ቁጥር ደግሞ ያቃስታል። ያ ድምፅ ለቅሶ አይደለም። ሳንባው ሙሉ በሙሉ እንዳይከደንበት ጉሮሮውን ጠበብ አድርጎ ትንሽ አየር ውስጥ ለማስቀረት የሚታገልበት ድምፅ ነው። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም።

አያቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ከቆላ ድባ ነው የመጡት፣ ነጠላቸውን አደግድገው። እናትየዋ ምጧ ገፍቶ ስለደረሰች፣ ያለ ቀኑ ለሚወለድ ልጅ ሳንባው እንዲበስል ለእናት አስቀድሞ የሚሰጠው መርፌ ጊዜ አልነበረውም። እማማ ማሽኑን ትኩር ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ነገር አያቃጥለውም?» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ጥያቄያቸው ነው። እኔ የራጅ ባለሙያ ነኝ። በየሳምንቱ ከአንድ ቀን እስከ አንድ ወር የሆናቸው ሕፃናት ራጅ አነሳለሁ። ወላጆች ይፈሩታል፣ ወይም ደግሞ ሁሉን ነገር የሚገልጥ አድርገው ያዩታል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

መጀመሪያ የእማማን ጥያቄ ልመልስ። አያቃጥልም። ልጁ ምንም አይሰማውም። አንድ የጨቅላ ሕፃን የደረት ራጅ የሚሰጠው የጨረር መጠን 0.02 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። ሰው ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማዩ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ያገኛል። ስለዚህ አንዱ ራጅ ማለት እንዲሁ ቤታችን ተቀምጠን በጥቂት ቀናት የምናገኘው ነው። ይህ ማለት ግን እንዳሻን እናንሳ ማለት አይደለም። የሕፃን ገላ ገና እያደገ ያለ ገላ ነው፣ ለጨረር ከእኛ ይልቅ ስስ ነው፣ ዕድሜም ከፊቱ አለው። ስለዚህ የሚያስፈልገውን አንድ ፊልም በደንብ ማንሳት፣ የማያስፈልገውን አለማንሳት፣ በተለይ ደግሞ በእኔ ስህተት ምክንያት አለመድገም። የሥራዬ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ብዙ ሰው ራጅ ማንሳት ቁልፍ መጫን ይመስለዋል። ኑና ከሙቀት ክፍል ሌሊት አንድ ጊዜ እዩኝ። እጄን ታጥቤ አሞቀዋለሁ። ምስሉ የሚቀረጽበትን ካሴት በአልኮል ጠርጌ በንጹሕ ስስ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፤ ብረት ነገር ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ሕፃን ደግሞ ሙቀቱን ለመመለስ ተጨማሪ ኦክስጅን ያቃጥላል፤ እሱኑ ነው ያጣው። ደረቱ ላይ የተለጠፉትን ገመዶች ከሲስተሯ ጋር ወደ ጎን እናደርጋቸዋለን፣ ካልሆነ ፊልሙ ላይ ነጭ መስመር ሆነው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ፊልም ላይ በልብ አካባቢ የሚያበራ ነጭ ነገር አይቼ ደንግጬ ነበር፤ ለካ ጨርቁ የተያያዘበት መርፌ ቁልፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቅረቤ በፊት ጨርቁን ሁሉ በእጄ እዳስሳለሁ።

ከዚያ ማስተኛት። በጀርባው፣ ቀጥ ብሎ። አንድ ሰው ሁለቱን እጆቹን ከጆሮው ጎን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ አገጩ ወደ መሃል፣ ዳሌው ቀጥ። ትንሽ ከዞረ አንዱ ሳንባ ከሌላው ጠቁሮ ይታያል፣ ልቡም ቦታውን የለቀቀ ይመስላል፣ እና ሐኪሙ የሌለ በሽታ ይፈልጋል። መብራቱን አጥብቤ ደረቱ ላይ ብቻ አሳርፋለሁ፤ ጨረሩ የሚያርፈው መብራቱ ያረፈበት ላይ ነው። ማሽኑ ዝግጁ ሲሆን ደረቱን ሳይሆን ሆዱን አያለሁ። ጨቅላ ልጅ የሚተነፍሰው በሆዱ ነው። ሆዱ ከፍ ሲል ሳንባው ሞልቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው ማንሳት ያለብኝ። ይሄ ልጅ በደቂቃ ሰባ ጊዜ ይተነፍሳል፤ አንድ ትንፋሽ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ሲያስወጣ ካነሳሁት ጤነኛ ሳንባ እንኳ ነጭ ይሆናል። እስትንፋሴን ይዤ እቆጥራለሁ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ... አሁን።

ፊልሙ ጥሩ ወጣ። ስምንት የጀርባ ጎድን አጥንት ቆጠርኩ፤ አየር ሲያስገባ ነው የተነሳው ማለት ነው። ሁለቱም የአንገት አጥንቶች ከመሃል እኩል ራቁ፤ ልጁ አልዞረም። ሳንባዎቹ ግን ትንንሽ ናቸው፣ ሁለቱም በአንድነት ጭጋግ ለብሰዋል። ክረምት ላይ ሊማሊሞን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ጉሙ ሲወርድ ገደሉም ዛፉም አንድ ነጭ ነገር ይሆናል። እንደዚያ ነው። በጉሙ መሃል ደግሞ ጥቁር ቅርንጫፎች ይታያሉ፣ ቅጠሉ እንደረገፈ ዛፍ። እነዚያ አየር ያለባቸው የሳንባ ቧንቧዎች ናቸው። በዙሪያቸው ያሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ስለተከደኑ ቧንቧዎቹ ጎልተው ወጡ።

ይህ ያለ ቀናቸው የሚወለዱ ልጆች በሽታ ነው። የአየር ከረጢቶቹን ውስጠኛ ገጽ የሚቀባ ሰርፋክታንት የሚባል ፈሳሽ አለ፤ እሱ ከሌለ ልጁ ባስወጣ ቁጥር ከረጢቶቹ ተጣብቀው ይከደናሉ፣ ለሚቀጥለው ትንፋሽም እንደገና ከዜሮ መክፈት አለበት። ገላው ይህን ፈሳሽ በበቂ ሁኔታ የሚያዘጋጀው ወደ 34 እና 35 ሳምንት ሲጠጋ ነው። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ የሚባሉ ሐኪሞች በ1959 እ.ኤ.አ. ነገሩ የዚህ ፈሳሽ እጥረት መሆኑን አሳዩ። ማወቅና ማዳን ግን አንድ አይደሉም። በ1963 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ፣ በዚህ በሽታ በሁለት ቀኑ ሞተ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ! ያን ጊዜ ሲፓፕ የሚባለው፣ በአፍንጫ በሚገባ አየር ግፊት ሳንባው እንዳይከደን የሚያደርገው መሣሪያ አልነበረም። ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ለሕፃናት መጥቀሙን ያሳዩት በ1971 እ.ኤ.አ. ነው።

ዛሬ የእማማ የልጅ ልጅ አፍንጫ ላይ ያለው እሱ ነው። ቀላል ነገር ነው፣ እያየሁት እስካሁን ይደንቀኛል። ኦክስጅንና አየር በአፍንጫው ይገባል፤ የሚወጣበት ቱቦ ጫፍ ደግሞ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ተነክሯል። አምስት ሴንቲ ሜትር ከነከሩት የአምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ግፊት ሳንባው ውስጥ ይቀራል፣ ከረጢቶቹም አይከደኑም። ልጁ በማቃሰት ሊያደርገው የሚታገለውን ጠርሙሱ ያደርግለታል። ጠርሙሱ ቡልቅ ቡልቅ እያለ እስከተንተከተከ ድረስ ሲስተሮቹ ልባቸው ያርፋል። ዝም ካለ ይሮጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሁሌ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው። ሲፓፑ የተደረገለት ራጁ ከመነሳቱ በፊት ነው። ልክም ነው። የሕፃኑ ትንፋሽ ራሱ ተናግሯል። ራጁ የመጣው ምን ዓይነት የትንፋሽ ችግር እንደሆነ ለመለየትና ሌላ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር ነው። አንዳንድ አባቶች በሩ ላይ ቆመው «መጀመሪያ ራጅ ይነሳልኝ» ብለው ይቆጣሉ። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይተንፍስ። ይሙቅ። ኦክስጅን ያግኝ። ፊልሙ ይደርሳል።

ሌላው ደግሞ ፊልሙ ብቻውን ያለመናገሩ ነገር ነው። ይሄንኑ ጉም የሳንባ ምችም ሊሰራው ይችላል። በማኅፀን ሳለ ወይም ሲወለድ በባክቴሪያ የተያዘ ልጅ ፊልሙ ከዚህ ልጅ ፊልም ጋር አንድ ሊመስል ይችላል፣ ትልቅ ሐኪም አይቶ እንኳ በፊልም ብቻ አይለየውም። የሚለየው ታሪኩ ነው። ስንት ሳምንቱ ነው? ሽርት ውሃው መቼ ፈሰሰ? እናት ትኩሳት ነበራት? በምጥ ነው ወይስ በኦፕራሲዮን የተወለደው? አሁን ስንት ሰዓቱ ነው? ለዚህ ነው ጥርጣሬ ካለ ሐኪሞቹ አንቲባዮቲክ የሚጀምሩት፤ የደም ምርመራውና ቀኑ ራሱ እስኪያጠሩት ድረስ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ የሚላክልኝ የራጅ መጠየቂያ ወረቀት ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል ነው። «ትንፋሽ ማጠር።» አለቀ። የልጁ ሰዓት የለ፣ ሳምንት የለ። ፊልሙን የሚያነበው ሐኪም ምን ይፈልግ? ከተማችን ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ናት፤ ዛሬም ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ሞልተዋታል። እኔ ጋ ለልምምድ የሚመጡትን ሁሉ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ አምስት ደቂቃ ውሰዱና ወረቀቱን ሙሉት፤ በዚያች ወረቀት ላይ የተጻፈ «በ38 ሳምንት፣ ያለ ምጥ በኦፕራሲዮን፣ ሁለት ሰዓቱ» የሚል አንድ መስመር የፊልሙን ግማሽ ያነባል።

ምክንያቱም እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ሌላ ልጅ ነው። ሲወለድ ሳንባው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ምጥ ሲኖር ቀስ በቀስ ይመጠጣል። ያለ ምጥ በኦፕራሲዮን የወጣ ልጅ ላይ ፈሳሹ ይዘገያል። ፊልሙ ላይ ሳንባው በደንብ ተነፍቶ ከመሃል ወደ ውጭ የሚሄዱ ጭረቶች ይታያሉ፣ በሳንባው ክፍሎች መሃልም ቀጭን የፈሳሽ መስመር። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ያስደነግጣል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ይለቀዋል። ቀኑ አልፎት የተወለደና ማኅፀን ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር አይነ ምድር የሳበ ልጅ ደግሞ ሌላ ነው። የሱ ፊልም ዝንጉርጉር ነው፣ እዚህ ነጭ እዚያ ጥቁር፣ ሳንባውም ከልክ በላይ ተነፍቷል። እሱን ልጅ ሁላችንም በዓይናችን እንጠብቀዋለን፣ ሳንባው ሊቀደድና አየር ወደ ደረቱ ሊያመልጥ ይችላል።

ስለ አየር ማምለጥ ካነሳሁ አይቀር የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቀጭን ሕፃን ነበረ፣ ቆዳው የላላ። ፊልሙን አነሳሁ፣ አወጣሁ፣ ተረኛው ኢንተርን አየውና ፊቱ ተለወጠ። በቀኝ በኩል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጥርት ያለ መስመር አለ። ከመስመሩ ውጭ ጠቆር ያለ። አየር አምልጧል አለ። አየሩን ከደረቱ የሚያወጡበትን መርፌ ያዘጋጁ ጀመር። እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ ግን ልጁን አየሁት። ተኝቷል። ኦክስጅኑ 94 ይላል። ትንፋሹ ከቅድሙ አልከፋም። ወደ ፊልሙ ተመለስኩና መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ሳንባው ካለቀበት አልፎ ሆዱ ውስጥ ገባ። የሳንባ ጠርዝ ሆድ ውስጥ አይገባም። ከመስመሩ ውጭም የሳንባ ደም ሥሮች በስሱ ይታያሉ። «ዶክተር፣ አንድ ደቂቃ ስጠኝ» አልኩት። ልጁን ቀስ ብለን አነሳነው፣ ከጀርባው የተጨማደደውን ቆዳ በእጄ አስተካከልኩ፣ ጨርቁን አለሰለስኩና ደገምኩ። መስመሩ የለም። የጀርባው ቆዳ እጥፋት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላስተካክለው ነው ያነሳሁት፣ ልጁም በእኔ ምክንያት ሁለተኛ ጨረር አገኘ። መርፌው ግን አልገባም።

እውነተኛው ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ልጁ በድንገት ይጠቁራል፣ አንዱ የደረቱ ክፍል ከፍ ይላል፣ ልቡ ወደ ሌላ ጎን ይገፋል። ያን ጊዜ ሐኪሞቹ ክፍሉን አጨልመው ብርቱ መብራት ደረቱ ላይ ያደርጋሉ፤ አየር ያለበት ወገን እንደ ፋኖስ ይበራል። ልጁ እየወደቀ ከሆነ እኔን አይጠብቁም። መጠበቅም የለባቸውም።

ፊልሙ ጌታ የሚሆንበት ጊዜም አለ። አንዲት ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አፏ አረፋ ይደፍቃል፣ ጡት ሲሰጧት ታንቃ ሰማያዊ ትሆናለች። ሲስተሯ ቀጭን ቱቦ በአፏ ልታስገባ ሞከረች፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ አልሄድም አለ። ቱቦው እንዳለ አነሳሁ። ፊልሙ ላይ ቱቦው አንገቷ ሥር ደርሶ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ተመልሷል። የምግብ ቧንቧዋ እዚያ ላይ ተዘግቷል። ሆዷ ውስጥ ግን አየር አለ፤ ስለዚህ የታችኛው ክፍል ከአየር ቧንቧ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። አንድ ፊልም ሁለቱንም ነገረን፣ ጡት ቆመ፣ ቀዶ ሐኪሞቹ ተጠሩ። እንዲሁም ድያፍራሙ፣ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ክፍት ሆኖ አንጀቱ ወደ ደረቱ የወጣበት ልጅ አለ፤ ሆዱ ጎድጉዶ ደረቱ ውስጥ የአንጀት አየር ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ በጭንብል አየር መንፋት ይጎዳዋል፣ አንጀቱን ነው የሚነፋው። ይህንን በጊዜ ማወቅ ሕይወት ነው።

የሚያስደነግጥ ግን ጤነኛ የሆነም ነገር አለ። የጨቅላ ልጅ ልብ ፊልም ላይ ትልቅ ነው፣ የደረቱን ስፋት እስከ 60 በመቶ ቢይዝ ችግር የለውም። ከልቡ በላይ ደግሞ ታይመስ የሚባል እጢ አለ፣ እንደ ጀልባ ሸራ ወደ ጎን ወጣ ብሎ ይታያል። አዲስ ሰው የበሽታ እብጠት ወይም የሳንባ ምች ይለዋል። ሲያድግ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል።

ከጭልጋ፣ ከበለሳ፣ ከመተማ በኩል ለምትመጡ ደግሞ። ልጁ ተረጋግቶ ሳለ በአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ60 በላይ ከሆነ፣ ደረቱ ከተሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ «ጠዋት እናየዋለን» አይባልም። በመንገድ ላይ ልጁን ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ አድርጉትና በላዩ ጋቢ ደርቡ። ከሌላ ቦታ የተነሳ ፊልም ካላችሁ ሳታጥፉ ይዛችሁ ኑ፣ ቀንና ሰዓቱ የተጻፈበት ከሆነ ለእኛ ወርቅ ነው። የትናንቱን ከዛሬው ጎን አስቀምጦ ማየት ከአዲሱ ብቻ ይበልጣል፣ አንዳንዴም አዲሱን ያስቀራል።

የእማማ የልጅ ልጅ በማግስቱ ሁለተኛ ፊልም ተነሳ። ጉሙ አለ፣ ግን ሳሳ ብሏል፣ ሳንባውም ከፍ ብሏል። በአምስተኛው ቀን ተረኛ ሆኜ ስገባ የመጠየቂያ ወረቀት አልነበረም። ሲስተሯን ጠየቅኋት። «ዶክተሩ አያስፈልገውም አለ፣ ሲፓፑም ወጥቶለታል» አለችኝ። እናቱ ደረቷ ላይ አስተኝታዋለች።

እማማ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። ፊልሙን ማየት ፈለጉ። የመጀመሪያውን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩላቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ ናት ልቡ?»

«አዎ እማማ፣ እሷ ናት።»

«ትልቅ ናት» አሉኝ። ፊልሙን ከእጄ ተቀበሉና በነጠላቸው ጠርዝ ይጠቀልሉት ጀመር፤ እንዳያጥፉት ካርቶን ፈልጌ ሰጠኋቸው።